«ዝርክርክ» የሚለው ቃል፥ ትርጉሙና አገባቡ

በዚህ እትም ለቋንቋ ጥናት በተሰጠን ገጽ አንዲት ቃል ብቻ ይዘን ቀርበናል። ቃሏ «ዝርክርክ» ናት፤ ከእርሷ የተወለደችው «ዝርክርክነት»ም አብራ ትታያለች። የሕግና የኢኮኖሚክስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «ከስንት ከባድ ርእስ መካከል ይህችን ምን አስመረጣችሁ?» ሳይሉን አይቀሩም። እውነቱን ለመናገር እኛ አልመረጥናትም። ጎብዬ ላይ አንድ አዛውንት በሕዝብ ፊት ጠይቀውን መልስ አጥተን ስለ ተመለስን፥ ዕዳችንን ለመክፈል ነው የምንጽፈው።

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ሁለታችን የዚያው አካባቢ ልጆች ነን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት እስከዚያ ቆላ ድረስ ወርዶ ሕዝቡን አፈናቅሎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ውጊያው ለጥቂት ወራት ጋብ ባለ ጊዜ ወላጆቻችንን ለመጠየቅ ሄድን። በደረስን በሦስተኛው ቀን አንድ የእርዳታ አከፋፋይ ኮሚቴ ሕዝቡን ሰብስቦ የሥራ ዘገባ ሲያሰማ ደረስን። የገባው እህል ተነበበ፤ የታደለው ተነበበ፤ ሕዝቡም ዝም ብሎ ሰማ። ወደ ማብቂያው ላይ ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር መጣች፤ «አሥራ አንድ ኩንታል ማሽላ በአሠራር ዝርክርክነት ምክንያት ለተጠቃሚ ሳይደርስ ቀርቷል» የምትል።

በዚህ ጊዜ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልጆቼ፥ እህል ሲዝረከረክ እኔም ዐውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከእህል ጋር ነው የኖርኩት» አሉ። «ጆንያ ሲቀደድ እህሉ መንገድ ለመንገድ ይዝረከረካል። የረገፈው ይታያል። ዶሮ ይለቅመዋል፤ ሕፃናትም በጃቸው ያፍሱታል። ይኸ አሥራ አንድ ኩንታል የተዝረከረከው የት ላይ ነው? ዶሮዎቹስ የማን ናቸው?» ሕዝቡ በሣቅ ፈረሰ፤ ሰብሳቢው ብቻ አልሣቁም። አዛውንቱ ወደ እኛ ዞሩና «እናንተ እንኳ ተምራችኋል፤ በመጽሐፍ ይኸ ቃል እንዲህ ያለ ፍች አለው እንዴ?» ብለው ጠየቁን። እኛም አቀርቅረን ቀረን።

አሁን ለአዛውንቱ የምንመልሰው አለን። እርሳቸው በሣቅ መካከል የተናገሩት ነገር በቃሉ ሰዋስው ውስጥ ተጽፎ ይገኛልና።

ቃሉ ሲፈታ ሦስት መሠረተ ፊደሎች ይወጡታል፤ ዘ፥ ረ፥ ከ። ከእነዚህም የኋለኞቹ ሁለቱ ተደግመዋል። እንዲህ ያለው ድግም በአማርኛ ነገሩ አንድ ጊዜ ተደርጎ ያበቃ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት የሚመላለስ መሆኑን ያመለክታል። «አርከፈከፈ» ስንል ውሃው ባንድ ጊዜ አልተደፋም። «ተንቀጠቀጠ» ስንል ሰውየው አንዴ ተነቃንቆ አላረፈም። «ተዝረከረከ»ም የዚሁ ወገን ነው፤ እዚህ ትንሽ፥ እዚያ ትንሽ እየወደቀ የሚሄድ፥ የሄደበትንም መንገድ ወደ ኋላ ትቶ የሚያሳይ ነገር ነው። ጫፉ መሬት የሚጎተት ነጠላ ተዝረከረከ ይባላል። ካንዱ ነገር ወደ ሌላው እየዘለለ ጫፉ የማይያዝ ንግግርም እንዲሁ ይባላል። ሁሉም ከኋላቸው ምልክት አላቸው። ምልክት የሌለው ነገር ሌላ ስም ይፈለግለታል እንጂ ዝርክርክ አይባልም። አዛውንቱ ስለ ዶሮዎቹ የጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የሰዋስው ነጥብ ከዚህ ይብሳል። ግሡ በተለመደው ንግግር ሲነገር ከፊቱ «ተ» ወይም «አ» ይቀድመዋል። «ተዝረከረከ» ያለ ሰው የሆነውን ነገር ብቻ ነገረን፤ ማን እንዳደረገው አልነገረንም። «አዝረከረከ» ያለ እንደ ሆነ ግን አድራጊውን ሳይጠራ ማለፍ አይችልም፤ አማርኛ ግሥ ባለቤቱን በመድረሻው ላይ ተሸክሞ ይዞራልና፥ «አዝረከረከች»፥ «አዝረከረኩ»፥ «አዝረከረክን» ማለት ግድ ነው። አሁን ደግሞ በቃሉ ጭራ ላይ «ነት» እንጨምር። «ዝርክርክነት» ይሆናል። በዚህች በአንዲት ቅጥያ አድራጊው ወደቀ፤ ቀኑም ወደቀ፤ ቦታውም ወደቀ። የቀረው እንደ ጉም በሁሉ ላይ ያንዣበበ፥ በማንም ላይ ያላረፈ ነገር ነው። «በዝርክርክነት ምክንያት» ሲባል ደግሞ ጭራሽ ራሱን የቻለ ምክንያት ሆኖ ይመጣል፤ ልክ ጎርፍ ወይም አንበጣ መጥቶ እህሉን እንደ ወሰደው ያህል።

በ«ነት» ላይ ጦርነት ማወጃችን አይደለም። ሰውነት፥ ነፃነት፥ አንድነት የምንለው ሁሉ ከእርሷ ጋር ነው። በጉድለት ዘገባ ላይ ስትመጣ ግን መጠርጠር ይገባል እንላለን።

የቃሏን ጠባይ ለመለየት ጎረቤቶቿን ማየት ይጠቅማል። ሁሉንም ባንድ ጆንያ ከትተን «ሥርዓት ማጣት» ብለን የምንተረጕማቸው ቃላት አሉ፤ ሆኖም አንዱ ባንዱ ቦታ አይገባም። «ዝብርቅርቅ» የዓይነት ነገር ነው፤ ቀለሙ ወይም ወገኑ የተለያየ ነገር አብሮ ሲገኝ ይነገራል፤ ስድብ ላይሆንም ይችላል፤ ዝብርቅርቅ ጥለት የሚያምራት አለች። «ምስቅልቅል» የሁኔታ ነው፤ መውጫው ሲጠፋ «ምስቅልቅሉ ወጣ» ይባላል። «ትርምስ» እንቅስቃሴ ይፈልጋል፤ የቆመ ነገር አይተራመስም። «ግርግር» ደግሞ ሰውና ጊዜ ይፈልጋል። አገራችን መንግሥት በተለወጠበት ጊዜ ሁሉ፥ በ1966ም ሆነ በ1983 ዓ.ም.፥ ብዙ ሰው ስለ ጠፋ ዕቃ ሲጠየቅ «በግርግሩ ጊዜ» ብሎ ይመልሳል። በዚህች መልስ ላይ ግን የአገሩ ሰው ቀድሞ ፍርዱን ሰጥቷል፤ «ግርግር ለሌባ ያመቻል» ብሎ። ምሳሌው ግርግሩን አልከሰሰም፤ በግርግሩ ውስጥ የሚሠራ ሰው እንዳለ ነው የተናገረው።

ከሁሉም የወደድነው የሕግ ሰዎች «ሁከት»ን የያዙበትን አያያዝ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1149 በይዞታው ላይ ሁከት የተነሣበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለት ዳኛ ይጠይቃል ይላል። በፍርድ ቤት ደጃፍ የ«ሁከት ይወገድልኝ» ክስ የሚባለው ይኸው ነው። ያለ ከሳሽና ያለ ተከሳሽ እንዲህ ያለ ክስ የለም። «በመሬቴ ላይ ሁከት አለ» ብሎ የሚሄድ ባለ ይዞታ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሁከቱን የፈጠረው ማን ነው?» ብለው ነው። ስለ ሥርዓት ማጣት የሚናገር ቃል አድራጊውን ሳይጥል መቆም እንደሚችል ሕጉ አስተምሮናል።

ወደ «ዝርክርክ» እንመለስና፥ ቃሏ የምትበደልበት ሌላ ወገን አለ። ይኸውም ሥርዓት ሳይጠፋ፥ ተናጋሪው ሥርዓቱን ስላላወቀ ብቻ የሚናገራት ጊዜ ነው። ለዚህም ከጎብዬ ሳንርቅ ምስክር እናቀርባለን።

ከእኛ ጋር አብሮ የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ የሆነ ጓደኛችን የገበያውን ቀን ባየ ጊዜ የመጀመሪያ ቃሉ «እንዴት ያለ ዝርክርክ ገበያ ነው!» የሚል ነበር። አህያ ከበርበሬ ጋር፥ ዶሮ ከጨው ጋር የተደባለቀ መስሎታል። እናቶቻችን ግን ሳይጠይቁ በቀጥታ ይሄዳሉ፤ እህል ተራ የሚቀመጠው ዘንድሮም አምና የተቀመጠበት ነው፤ በርበሬ ተራም፥ ቅቤ ተራም፥ ከብት ተራም እንዲሁ። «ተራ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ተራ ማለት ወረፋ፥ አንዱ ካንዱ ቀጥሎ የሚመጣበት ሥርዓት ነው። አባቶቻችን ገበያውን ሲከፍሉት እያንዳንዱን ማዕዘን በሥርዓት ስም ጠርተውታል። ጓደኛችን ያደገባት አዲስ አበባም ብትሆን መርካቶዋን ያቆመችው በዚሁ ቃል ነው፤ ምናለሽ ተራን ያላወቀ የመርካቶ ደንበኛ የለም። ይኸን ባስታወስነው ጊዜ ጓደኛችን በደግነት ቃሉን አንሥቷል።

ከገበያው ይልቅ ማሳው ይበልጥ ያስተምራል። የራያ ገበሬ ማሽላውን ሲዘራ ላየው እንግዳ አሠራሩ ቅጥ አምባሩ የጠፋ ይመስላል። ባንድ ማሳ ላይ ቁመቱም ቀለሙም የማይመሳሰል ማሽላ ይበቅላል። ጎረቤቱ በሚያዝያ ሲዘራ እርሱ በሰኔ ማብቂያ ሲያርስ ይገኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ማሽላ የነበረበትን ገልብጦ ጤፍ ይዘራበታል። «ገበሬው ዕቅድ የለውም፥ ዝርክርክ ነው» ብሎ ለመጻፍ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም፤ እንዲህ ብለው የጻፉም አይጠፉም። ነገሩ ግን በአባቶቻችን ቤት እንዲህ ነው። የበልጉ ዝናብ የጣለ እንደ ሆነ እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያለው፥ ለመድረስ ብዙ ወር የሚፈልገው፥ ነገር ግን ምርቱም አገዳውም የሚበልጠው የአገር ዘር በሚያዝያ ይዘራል። ይኸ ዝናብ ከከዳ ወይም ቡቃያው ከደረቀ ቶሎ የሚደርሰው ዘር በክረምቱ መግቢያ ይተካል። ያም ከዘገየ ጤፍ ወይም ሽምብራ አለ። ባንድ ማሳ ላይ የተለያየ ዘር የሚደባለቀውም አንዱን ድርቅ፥ አንዱን ወፍ፥ አንዱን ተባይ ቢያገኘው ቤቱ ጨርሶ ባዶ እንዳይቀር ነው። በመኸርም ጊዜ ለዘር የሚሆነው ራስ ከነ ዓይነቱ እየተለየ ይመረጣል። ማሳው ላይ ዝብርቅርቅ አለ፤ ዝርክርክ ግን የለም። የሁለቱ ቃላት ልዩነት ከዚህ በተሻለ የሚታይበት ቦታ አላገኘንም።

ይኸን ሥርዓት ሊቃውንቱም ቆይተው ተረድተውታል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ይኸንኑ የተደባለቀ የአገር ዘር ከገበሬው እየሰበሰበ በአዲስ አበባ ማስቀመጥን ሥራው አደረገ። በሌላ በኩል የማሽላን ሥር ይዞ ደሙን የሚመጠውን የአቀንጭራ አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎች በፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ምርምር ተገኝተው፥ ሁለቱ በአገራችን በ1992 ዓ.ም. ገደማ ሲለቀቁ፥ አንዱ «አብሽር» ሌላው «ጎብዬ» ተብሎ ተሰየመ። ፕሮፌሰሩም በ2001 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት አግኝተዋል። ጎብዬ ሳትጠቀስ የማሽላ ምርምር አይነገርም ብንል ለትውልድ ቦታችን ማድላት ነው አትበሉን። አዲሱ ዘር ቶሎ ይደርሳል፤ አገዳው ግን አጭር ነውና ለከብት መኖ፥ ለማገዶና ለአጥር እንደ አገሩ ዘር አይሆንም። ስለዚህ ብዙ ገበሬ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ዘራው እንጂ አሮጌውን አልጣለም። እንግዳው አሁንም ዝብርቅርቅ ያያል።

ውሃውም እንዲሁ ነው። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርዱት ጎሊናና ሆርማት፥ ሌሎቹም ወንዞች፥ በዝናብ ጊዜ ድንገት ሞልተው ሲመጡ የራያ ሰው ጎርፉን በቦይ ጠልፎ ወደ እርሻው ያስገባል። በሌሊት፥ በጭቃ፥ በጩኸት መካከል የሚሠራ ሥራ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ትርምስ ነው፤ ለሚሠራው ግን ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ ውሃ እንደሚያገባ፥ ቦዩንም የሚጠርገው ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በብዙ የአማራ አገር ይኸን የሚያስጠብቀው ሰው «የውሃ አባት» ይባላል። ተራውን ያላከበረ ሰው «ዝርክርክነት ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ በስሙ ተጠርቶ ይቀጣል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር በመጻሕፍት ቤታችንም ደርሶብናል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት፥ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙትን፥ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትን ተማሪ «ዘ»ን ከመጽሐፉ መካከል አልፈን ፈለግን፤ በሀለሐመ ተራ አሥራ ሰባተኛ ናትና። አጣናት። «መጽሐፉ ቢዘበራረቅ ነው» ብለን ልንዘጋው ስንል አንድ የግእዝ ተማሪ ሣቀብን። አለቃ መጽሐፋቸውን የሠሩት በአበገደ ተራ ነው፤ በዚያም «ዘ» ሰባተኛ ናት። ሥርዓቱ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋነው እኛ ነን።

በዚህ አንቀጽ ላይ የሴት ተማሪዎች ወገን የሆነችው አዘጋጃችን ይህን እንድንጨምር አስገድዳናለች፤ ልክም ናት። «ዝርክርክ ሴት» የሚል ንግግር በየቤቱ ይሰማል፤ «ዝርክርክ ወንድ» የሚለው ግን ምን ያህል ጊዜ ተሰምቷል? ባልየው ካልሲውን በመኝታ ቤት፥ ጋዜጣውን በሳሎን፥ የሲጃራውን አመድ በየሳሕኑ ይተዋል። እንግዳ ሲመጣ ቃሏ የምትወድቀው በሚስቲቱ ላይ ነው። እዚህም ላይ «ማን አዝረከረከው?» ብሎ የሚጠይቅ አልተገኘም። በወንዶቹ መኝታ ክፍል ያለውን ነገር ግን ለአንባቢ ክብር ስንል አንገልጽም።

እንግዲህ «ዝርክርክነት» የሚባል ነገር ጨርሶ የለም ወይ? አለ እንጂ! ደረሰኙን በኪሱ ይዞ የሚዞር፥ የሰጠውንና የተቀበለውን ባንድ ቀን የማይጽፍ፥ ቁልፉን ለሦስት ሰው የሚያውስ ሠራተኛ በእውነት ዝርክርክ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው ሰው ሲመረመር አንዳንዴ ይጎድለዋል፥ አንዳንዴም ይተርፈዋል። ሁልጊዜ የሚጎድልበት፥ ከቶ ተርፎት የማያውቅ ዝርክርክነት ግን የተለየ ጥናት ይፈልጋል። የሒሳብ ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን ይኸን ነጥብ በደስታ ተቀብለውታል።

ቃል አጥተንም አይደለም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው የኦዲት ዘገባ ላይ እያንዳንዱ ጉድለት የየራሱ ስም አለው፤ «ያልተወራረደ ሂሳብ»፥ «ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ»፥ «ያልተሰበሰበ ገቢ»፥ «ከግዥ መመሪያ ውጪ የተፈጸመ ግዥ»፥ «የጥሬ ገንዘብ ጉድለት»። ከእነዚህ ከእያንዳንዳቸው ጥያቄ ይወለዳል። ያልተወራረደ ከሆነ በማን ስም ተይዟል? ማስረጃ ካልቀረበ ማን ፈርሞ ከፈለ? ሰው አደራ የተሰጠውን ለራሱ ያደረገ እንደ ሆነ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ «እምነት ማጉደል» ይለዋል። ዘገባው ከምክር ቤት ወጥቶ በጋዜጣና በስብሰባ ሲነገር ግን እነዚህ ሁሉ ቃላት ተሰብስበው «የፋይናንስ ዝርክርክነት» ሲባሉ እንሰማለን። ያን ጊዜ ጥያቄዎቹም አብረው ይቀራሉ።

ስለዚህ የጎብዬው ዐረፍተ ነገር እንዴት ሊጻፍ ይገባው ነበር ብለን በጥናት ቡድናችን ሞክረናል። ብዙ ተከራክረን የደረስንበት ይኸ ነው፤ «አሥራ አንድ ኩንታል ማሽላ ከመጋዘን ወጥቷል፤ ለተጠቃሚ አልደረሰም፤ ሲወጣ የፈረመው እገሌ፥ የጫነው እገሌ፥ የተረከበ የለም።» ከመካከላችን አንዱ «ይኸማ ሰውን መወንጀል ነው፤ ምናልባት ንጹሕ ቢሆንስ?» ብሎ ተቃውሟል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በጦርነት መካከል መኪና ይወሰዳል፤ መዝገብ ይቃጠላል። ነገር ግን ንጹሑ ሰው የሚድነው ስሙና የሠራው ሥራ ተለይቶ ሲጻፍ ነው እንላለን። «ዝርክርክነት» ሲባል ግን እህሉን የወሰደውም፥ ሌሊት ሙሉ ጆንያ ሲሸከም ያደረውም ባንድ ቃል ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ስብሰባ ላይ የኮሚቴው አባል የነበረ አንድ ወጣት መምህር አንገቱን ደፍቶ መቀመጡን ዐይተናል፤ እርሱ ዕድላ ሲያድል የከረመ ሰው ነው።

ኮሚቴው በኋላ ዘገባውን ዐረመ ወይ? አዛውንቱ ደጋግመው ጠይቀው በሚቀጥለው ስብሰባ «ዝርክርክነት» የሚለው ተሠርዞ «ጉድለት» ተብሎ እንዲጻፍ ተስማምተዋል። ስም ግን አልተጻፈም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው በዚያው በቆቦ ግንባር እንደ ገና ተነሣ፤ ስብሰባውም በዚያው ተበተነ።

ጽሑፋችንን ለማተም ስንዘጋጅ የማኅበራችንን ያለፈውን ዓመት የሒሳብ ዘገባ ማየት ግድ ሆነብን፤ የወረቀት ዋጋ ለማወቅ ብለን ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ «ሁለት ደስጣ ወረቀት በአሠራር ዝርክርክነት ምክንያት አልተገኘም» ተብሎ ተጽፏል። ይኸን የጻፍነው እኛው ነን። ጠይቀን ስንደርስበት አንዱን ደስጣ የቴአትር ክበብ በቃል ተበድሮ ለማስታወቂያ ተጠቅሞበታል፤ እመልሳለሁ ብሏል። ሁለተኛው አልተገኘም። በዚያ ሰሞን የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የነበረው ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች በአንዱ እጅ ነው፤ ለሁለት ጓደኞቹም አውሶ ነበር። በሚመጣው ሐሙስ በሥራ አስፈጻሚው ፊት ቀርቦ ይጠየቃል፤ ስሙም በዘገባው ላይ በእርማት ይገባል።